ከባቡር ሐዲድ አጠገብ የሚኖር ሰው በድምፁ ምን ያህል እንደሚረበሽ እንዴት ይለካል?

ጎንደር ውስጥ የባቡር ሐዲድ የለም። ያም ሆኖ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ወይም በአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ዳር ለመሥራት የሚነሡ ተማሪዎች ምክር ሊጠይቁኝ በመጡ ቁጥር ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ድምፁንስ በመሣሪያ እንለካዋለን፤ የሰዉን መረበሽ በምን እንለካው?» ለእነርሱ የምነግራቸውን ነው እዚህ በቅደም ተከተል የጻፍሁት። ልምምዱን እዚሁ ከተማችን ውስጥ፣ በአዘዞ መንገድ ዳር ጨርሳችሁ ወደ ሐዲዱ ትሄዳላችሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። መሣሪያው የሚናገረው ቤቱ ደጃፍ ላይ የደረሰውን ድምፅ ብቻ ነው። መረበሹን ሊናገር የሚችለው ነዋሪው ራሱ ነው። በአንድ ዓይነት ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) አንዱ ጎረቤት ለጥ ብሎ ሲያድር ሌላው ሲገላበጥ ያነጋል። ስለዚህ ሥራው ሁለት ልኬት ነው። ሁለቱ ለየብቻ ይወሰዱና መጨረሻ ላይ በቤት ቁጥር ይገናኛሉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የድምፅ መለኪያ መሣሪያ። «ክፍል 1» ወይም «ክፍል 2» የሚል ደረጃ ያለው፣ በኤ ሚዛን (ድምፅን የሰው ጆሮ በሚሰማው መልክ በሚመዝነው) የሚለካ፣ የአንድን ክስተት፣ ማለትም የአንድ ባቡር ማለፍን፣ ጠቅላላ ድምፅ ማስላት የሚችል ይሁን። የስልክ መተግበሪያ ለልምምድ ይበቃል፤ ለውጤት ግን አይሆንም፣ የስልክ ማይክሮፎን ከስልክ ስልክ ይለያያልና።
- ካሊብሬተር፣ ማለትም መጠኑ የታወቀ ድምፅ እያወጣ የመለኪያውን ትክክለኛነት የሚፈትሽ መሣሪያ። ብዙውን ጊዜ 94 ዴሲቤል የሚያወጣ ነው።
- ለማይክሮፎኑ የነፋስ መከላከያ ስፖንጅ፣ ባለ ሦስት እግር መቆሚያና ትርፍ ባትሪ።
- 50 ሜትር የሚደርስ የመለኪያ ጥቅልል።
- የታተመ መጠይቅና በትልልቅ ፊደል የተጻፈ የመልስ ካርድ።
- የድጋፍ ደብዳቤ፣ የሥነ ምግባር ፈቃድ፣ መታወቂያ።
- ቢያንስ ሁለት ሰው።

ማስጠንቀቂያ

የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ከላይ በተዘረጋው ሽቦ የሚወስደው ኤሌክትሪክ 25,000 ቮልት ነው። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር ደግሞ በ750 ቮልት ይሠራል። ሁለቱም ይገድላሉ። አጥሩን አትሻገሩ፤ የብረት ዘንግ ወይም የተዘረጋ መቆሚያ ይዛችሁ ወደ ሽቦው አትጠጉ። ለዚህ ጥናት የሚያስፈልገው በሰው ቤት ደጃፍ ያለው ድምፅ ስለሆነ ወደ ሐዲዱ የሚያስጠጋችሁ ምክንያት የለም።

ሌሊት ከመውጣታችሁ በፊት ለአካባቢው ጥበቃና ለቤቱ ባለቤት ተናገሩ። በጨለማ ማይክሮፎን ተክሎ የቆመ እንግዳ ሰው ያስደነግጣል። መሣሪያው ድምፅ የሚቀዳ ከሆነ ቅጂውን አጥፉት፤ የሚያስፈልጋችሁ ቁጥሩ እንጂ የሰዎች ጨዋታ አይደለም።

ደረጃ 1፦ ቦታውን ምረጡ፤ ፈቃድ ያዙ

ሐዲዱ በምድር ላይ የሚሄድበትንና በድልድይ ላይ ከፍ ብሎ የሚሄድበትን ቦታ አትቀላቅሉ። ባቡሩ አንድ ቢሆንም ድምፁ ወደ ቤት የሚደርስበት መንገድ ይለያያል። ኩርባ ላይ የባቡሩ መንኮራኩር ከሐዲዱ ጋር ሲፋተግ ያፏጫል፤ ማቋረጫ አጠገብ ጥሩንባ ይነፋል። እነዚህን ቦታዎች ማጥናት ይቻላል፤ ነገር ግን በመዝገባችሁ ላይ ለይታችሁ ጻፏቸው። ከወረዳው ወይም ከቀበሌው ፈቃድ ሳትይዙ ማንኛውንም በር አታንኳኩ።

ደረጃ 2፦ ቤቶቹን በርቀት ከፋፍሉ፤ ዕጣ አውጡ

ለምሳሌ እስከ 50 ሜትር፣ ከ50 እስከ 150 ሜትር፣ ከ150 እስከ 300 ሜትር ብላችሁ በሦስት ክፍሉ። ከእያንዳንዱ ክፍል እኩል ቁጥር ያላቸውን ቤቶች በዕጣ አውጡ። አብዛኛው ሰው ሐዲዱ ሥር ያሉትን ብቻ ጠይቆ ይመለሳል። እንደዚያ ከሆነ ድምፁ ሲቀንስ መረበሹ መቀነስ አለመቀነሱን የምታነጻጽሩበት ነገር አይኖራችሁም።

ስንት ቤት? ለልምምድ ከእያንዳንዱ ክፍል 30 ይበቃል። ለጥናት ግን 100 እና ከዚያ በላይ ፈልጉ፤ ምክንያቱም በ30 ሰው ቡድን ውስጥ የአንድ ሰው መልስ ብቻ ቢለወጥ ውጤቱ ከ3 በመቶ በላይ ይዘላል።

ቤቱ ከተመረጠ በኋላ ማንን እንደምትጠይቁም ዕጣው ይወስን። በሩን የከፈተላችሁን ሰው ብቻ የምትጠይቁ ከሆነ ቀን ቤት የሚውሉትን ብቻ ሰበሰባችሁ ማለት ነው። ዕድሜያቸው 18 እና ከዚያ በላይ የሆኑትን፣ በቤቱም ቢያንስ አንድ ዓመት የኖሩትን ጻፉና አንዱን አውጡ። ዕጣ የወጣለት ሰው ከሌለ ቀጠሮ ይዛችሁ ተመለሱ፤ በሌላ አትተኩት።

ደረጃ 3፦ መጠይቁን አዘጋጁ

ዋናው ጥያቄ አዲስ ፈጠራ አይፈልግም። አይኤስኦ 15666 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት (የመጀመሪያው እትም እ.ኤ.አ. በ2003፣ የተሻሻለው በ2021 የወጣ) ሁለት ጥያቄዎችን ያስቀምጣል። በአማርኛ እንዲህ አድርጋችሁ ልትጠይቁ ትችላላችሁ፦

ሀ) «ያለፉትን 12 ወራት ገደማ ሲያስቡ፣ እዚህ ቤትዎ ሲሆኑ የባቡር ድምፅ ምን ያህል ይረብሽዎታል ወይም ያበሳጭዎታል?» ምርጫዎቹ፦ ምንም፣ በጥቂቱ፣ በመጠኑ፣ በጣም፣ እጅግ በጣም።

ለ) ያንኑ ጥያቄ ከ0 እስከ 10 ባለው ቁጥር። 0 «ጨርሶ አይረብሸኝም»፣ 10 «ከዚህ በላይ መረበሽ የለም» ማለት ነው።

በእነዚህ ጥያቄዎች ውስጥ አንድም ቃል በትርፍነት አልገባም። «12 ወራት» የተባለው ሰውየው ትናንት ማታ በነቃበት ንዴት እንዳይመልስ ነው። «ቤትዎ ሲሆኑ» የተባለው ገበያ ወይም መንገድ ላይ የሰማውን እንዳይጨምር ነው። «የባቡር ድምፅ» የተባለው ደግሞ ወፍጮ ቤቱን፣ ባጃጁንና የጎረቤቱን ሙዚቃ አብሮ እንዳይደምር ነው። እነዚያን ማወቅ ከፈለጋችሁ ለእያንዳንዳቸው ያንኑ ጥያቄ ለብቻ ጠይቁ።

የጥያቄዎቹ ቅደም ተከተልም ከቃሉ አያንስም። መጀመሪያ ስለ ሰፈሩ ጠይቁ፦ ውኃው፣ መብራቱ፣ መንገዱ፣ አቧራው። ድምፅ በመካከል፣ ከሌሎች ጉዳዮች እንደ አንዱ ሆኖ ይምጣ። «ስለ ባቡር ድምፅ ልንጠይቅዎ ነው የመጣነው» ብላችሁ ከጀመራችሁ ቅሬታ ፍለጋ የመጣችሁ ይመስላል፤ ካሳ ይኖራል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ቁጥሩን ሽቅብ ይሰቅለዋል። ማሳሳት ግን አይደለም፤ ጥናቱ «ስለ መኖሪያ አካባቢ ሁኔታ» መሆኑን፣ ክፍያም ሆነ ካሳ እንደሌለው፣ ስም እንደማይጻፍና ካልፈለጉ መተው እንደሚችሉ መጀመሪያ ላይ ንገሩ። ይህ አቀራረብ በሥነ ምግባር ፈቃዱ ላይ አስቀድሞ ተገልጾ የጸደቀ ይሁን።

ከዋናዎቹ ጥያቄዎች በኋላ እነዚህን ጨምሩ፦ ድምፁ ምን ያቋርጣል (እንቅልፍ፣ ጨዋታ፣ ሬዲዮ፣ የልጆች ጥናት)፣ የግድግዳ መንቀጥቀጥ ይሰማል ወይ፣ ቤቱ የራስ ነው የኪራይ፣ መኝታ ክፍሉ በሐዲዱ በኩል ነው በጓሮ። በተጨማሪም ሰውየው በተፈጥሮው ለማንኛውም ድምፅ ስሱ ነኝ ይል እንደሆነ ጠይቁ። እኩል ድምፅ የሚሰሙ ሁለት ሰዎች የተለያየ መልስ ሲሰጡ ማብራሪያው አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከእነዚህ ነው።

ደረጃ 4፦ አዘዞ መንገድ ላይ ተለማመዱ

ከጎንደር መሐል ወደ አዘዞ የሚወስደው መንገድ ለልምምድ ይመቻል፤ ወደ ባሕር ዳርም ወደ መተማም የሚሄደው ከባድ መኪና በዚያ ያልፋል። በመጠይቁ ላይ «የባቡር ድምፅ» የሚለውን «የመኪና መንገድ ድምፅ» በሚል ቀይሩና ከ10 እስከ 15 ሰዎችን ጠይቁ። ያልገባቸውን፣ ደጋግማችሁ ያነበባችሁትን፣ ያሳቃቸውን ቃል ሁሉ ምልክት አድርጉበት።

መሣሪያውንም እዚያው ተማሩት። መንገድ ያለማቋረጥ ይጮኻል፤ ባቡር ግን መጥቶ ያልፋል፣ ከዚያ ጸጥታ ነው። ስለዚህ ምሽት ላይ ትራፊኩ ሲቀንስ ብቻውን የሚያልፍ የጭነት መኪና ጠብቁና የእርሱን ድምፅ ብቻ፣ መሰማት ከጀመረበት እስኪጠፋ ድረስ ያዙ። ይህ እጅ ካልለመደው ሐዲዱ ዳር የመጀመሪያዎቹ ባቡሮች በከንቱ ያልፋሉ።

ደረጃ 5፦ ጠይቁ፤ ከመለካታችሁ በፊት

መጠይቁ ይቅደም፣ ልኬቱ ይከተል። ደጃፉ ላይ ማይክሮፎን ተተክሎ ያየ ሰው ስለ ድምፅ ማሰብ ይጀምራል፤ መልሱም ከዚያ በኋላ የወትሮው መልስ አይሆንም።

ሰውን ለብቻው ጠይቁ። ይህ በእኛ አገር ቀላል አይደለም። ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ እማማ ሊመልሱ ሲሉ የጎረቤታቸው ልጅ «ኧረ እርስዎ እኮ ሌሊቱን ሙሉ አይተኙም!» ይላል። ያ መልስ የእማማ አይደለም። ቡናውን በአክብሮት ተቀበሉ፤ ጥያቄውን ግን ከቡናው በፊት ወይም ፈንጠር ብላችሁ ጨርሱ።

ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው መልስ «ምን ይደረጋል ልጄ፣ ለምደነዋል፤ እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለው ነው። ጀማሪ ጠያቂ ይህን ሰምቶ «ምንም» የሚለውን ያከብበታል። መልመድና አለመረበሽ አንድ አይደሉም፤ ምስጋናውም የጨዋነት ነው። እንዲህ ሲሏችሁ «እውነት ነው እማማ፤ እንዲያው ከእነዚህ ከአምስቱ የትኛው ይቀርባል?» ብላችሁ ምርጫዎቹን በሙሉ፣ በአንድ ዓይነት ድምፅ ድጋሚ አንብቡ። «በጣም ነው አይደል?» ብሎ ማገዝ ክልክል ነው። የመረጡትን ብቻ ጻፉ፤ የተናገሩትንም በዳር በኩል እንዳለ አስፍሩ።

ካርድ ማንበብ የማይችል ሰው ካለ ከ0 እስከ 10 ያለውን በጣት ወይም በአሥር የባቄላ ፍሬ ማሳየት ይቻላል። ለአንዳንዱ ባቄላ ለአንዳንዱ ካርድ እንዳይሆን ግን አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን።

ሰዓት ስትጽፉ ተጠንቀቁ። ነዋሪው «8 ሰዓት ላይ ይቀሰቅሰኛል» ሲል ከሌሊቱ 8 ሰዓት ማለቱ ነው፤ መሣሪያው ያንኑ ሰዓት 2፡00 ብሎ ይመዘግበዋል። በቅጹ ላይ «ከሌሊቱ» ወይም «ከቀኑ» የሚለውን ካልጻፋችሁ ሁለቱን መዝገቦች ስታገናኙ ትጠፋላችሁ።

ደረጃ 6፦ ድምፁን ለኩ

መሣሪያውን በካሊብሬተር አስተካክሉ፤ ሲጨርስም ድጋሚ አረጋግጡ። የፊተኛውና የኋለኛው ልዩነት ከ0.5 ዴሲቤል ከበለጠ የዚያን ጊዜ ልኬት ጣሉት። ጎንደርም አዲስ አበባም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ያሉ ስለሆኑ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው። አንዳንድ ካሊብሬተር በዚህ የተነሣ ማስተካከያ ይፈልጋል፤ ከመሣሪያው ጋር የመጣውን መመሪያ ገልጣችሁ እዩ።

ማይክሮፎኑን ስፖንጅ አልብሳችሁ፣ ከመሬት ከ1.2 እስከ 1.5 ሜትር ከፍ አድርጋችሁ በሐዲዱ በኩል ካለው ግድግዳ ፊት አቁሙ። ከግድግዳው በ2 ሜትር ርቀት ላይ የሚነበበው ቁጥር ግድግዳው በሚመልሰው ድምፅ ምክንያት ወደ 3 ዴሲቤል ያህል ይጨምራል። ከግድግዳ ርቃችሁ ለኩ፣ ወይም ቅርበቱን መዝግባችሁ በኋላ ቀንሱ። አንዱን ቤት እንዲህ ሌላውን እንዲያ መለካት ግን ሥራውን ያበላሻል።

ለእያንዳንዱ ባቡር ይህን መዝግቡ፦ ሰዓቱ፣ የሰው ማመላለሻ ወይም የጭነት መሆኑ፣ ከፍተኛው ድምፅ፣ የክስተቱ ጠቅላላ ድምፅ፣ ጥሩንባ መነፋት አለመነፋቱ። የክስተቱ ጠቅላላ ድምፅ ማለት ባቡሩ ሲያልፍ የተሰማው ድምፅ ሁሉ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ቢጠራቀም የሚሰጠው ቁጥር ነው። የባቡሩ ከፍተኛ ድምፅ ከአካባቢው ድምፅ ቢያንስ በ10 ዴሲቤል ካልበለጠ የለካችሁት ባቡሩን ብቻ አይደለም።

ዝናብ ሲዘንብ አትለኩ፤ ክረምት ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ከባቡር ይብሳል። ነፋሱ በሰከንድ ከ5 ሜትር ሲያልፍም አቁሙ። የጥምቀት ሰሞንን፣ የሠርግ ድንኳን የተተከለበትን ቀንና የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ድምፅ ማጉያ የሚከፈትበትን ሰዓት ዝለሉ።

እያንዳንዱን ቤት መለካት አይጠበቅባችሁም። በየርቀቱ ጥቂት ነጥቦችን ለኩና ለሌሎቹ ገምቱ። ገላጣ ቦታ ላይ ከረጅም መስመር የሚመጣ አማካይ ድምፅ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር 3 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል፤ በመካከል ሕንፃ ካለ የበለጠ ይቀንሳል። ግምቱ ከልኬቱ ጋር መግጠሙን በጥቂት ቤቶች ፈትሹ።

ደረጃ 7፦ የ24 ሰዓቱን ቁጥር አስሉ

ቀኑ በሦስት ይከፈላል፤ ክፍፍሉም ከእኛ ሰዓት አቆጣጠር ጋር ይመቻል፦ ቀን ከጠዋቱ 1 እስከ ምሽቱ 1፣ ምሽት ከ1 እስከ 5፣ ሌሊት ከ5 እስከ ንጋቱ 1 ሰዓት። በምሽቱ ላይ 5፣ በሌሊቱ ላይ 10 ዴሲቤል ይጨመራል፤ እንቅልፍና ዕረፍት ላይ የሚመጣ ድምፅ ይበልጥ ስለሚረብሽ።

የእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ አማካይ = የአንድ ባቡር ክስተት ድምፅ + 10 × ሎጋሪዝም (የባቡሮች ብዛት) − 10 × ሎጋሪዝም (የክፍለ ጊዜው ሰከንዶች)።

እንበልና እያንዳንዱ ባቡር 90 ዴሲቤል የክስተት ድምፅ አለው፤ ቀን 20፣ ምሽት 4፣ ሌሊት 6 ባቡሮች ያልፋሉ። የቀኑ አማካይ 56.7፣ የምሽቱ 54.4፣ የሌሊቱ 53.2 ይሆናል። ተጨማሪዎቹን አክላችሁ፣ እያንዳንዱን በሰዓቱ ርዝመት መዝናችሁ ስታጣምሩ የ24 ሰዓቱ ቁጥር 60.3 ዴሲቤል ይወጣል። ከዚህ ውስጥ ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋውን ያመጡት የሌሊቶቹ 6 ባቡሮች ናቸው። ቀን ብቻ ለክቶ የሚመለስ ሰው ምን እንደሚያጣ ከዚህ ይታያል።

ዴሲቤልን እንደ ፈተና ውጤት ደምራችሁ አታካፍሉ። የ80 እና የ90 አማካይ 85 ሳይሆን 87.4 ነው። መጀመሪያ እያንዳንዱን ለ10 አካፍላችሁ የ10 ርቢ አድርጉት፤ አማካዩን አውጡ፤ ከዚያ ወደ ሎጋሪዝም መልሳችሁ በ10 አባዙት። ባቡሮቹ የተለያየ ድምፅ ካላቸውም የክስተት ድምፃቸው የሚጠቃለለው በዚሁ መንገድ ነው።

ደረጃ 8፦ «በጣም የተረበሹ» የትኞቹ እንደሆኑ ለዩ

በቁጥሩ ጥያቄ 8፣ 9 እና 10 ያሉ «በጣም የተረበሹ» ይባላሉ። በቃሉ ጥያቄ ደግሞ «በጣም» እና «እጅግ በጣም» ያሉ ይቆጠራሉ። የሁለቱ መቁረጫ እኩል አይደለም፤ የቃሉ ጥያቄ ዝቅ ብሎ ስለሚጀምር ብዙውን ጊዜ ከፍ ያለ መቶኛ ይሰጣል። ሁለቱን ለየብቻ ዘግቡ፤ ከሌላ ጥናት ጋር ስታነጻጽሩም በየትኛው እንደተሠራ መጀመሪያ እዩ።

ደረጃ 9፦ ሁለቱን አገናኙ

በአንድ ሠንጠረዥ ላይ የቤት ቁጥር፣ የ24 ሰዓት ዴሲቤል፣ የሌሊት ዴሲቤል፣ ሁለቱ መልሶች ይቀመጡ። ቤቶቹን በ5 ዴሲቤል ልዩነት መድቡና በእያንዳንዱ ምድብ በጣም የተረበሹት ስንት በመቶ እንደሆኑ አውጡ። ያ ነው የጥያቄያችሁ መልስ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአውሮፓ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው መመሪያ የባቡር ድምፅ በ24 ሰዓት ልኬት ከ54፣ በሌሊት ከ44 ዴሲቤል በታች እንዲሆን ይመክራል። ለማነጻጸሪያ ጥሩ ነው። የእኛን ግድግዳ፣ የእኛን ቆርቆሮና ደጅ የመዋል ልማዳችንን ግን አያውቅም፤ ስለዚህ የመረበሹን መቶኛ ከእርሱ ሰንጠረዥ ገልብጣችሁ አትውሰዱ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

- ከፍተኛውን ድምፅ እንደ አማካይ አድርጎ መጻፍ።
- «ፈጣን» እና «ዝግተኛ» የሚሉትን፣ መሣሪያው የድምፅን ለውጥ በምን ፍጥነት እንደሚከተል የሚወስኑትን ቅንብሮች በመካከል መቀያየር። አንዱን መርጣችሁ እስከ መጨረሻው ያዙት።
- «ይረብሽዎታል?» ብሎ በአዎ እና በአይ መጨረስ። ይህ መጠኑን አይነግርም።
- ፈቃደኛ ያልሆኑትን ሰዎች አለመቁጠር። ከ100 በር ስንቱ እንደመለሰ ካልተጻፈ መቶኛው ከማን እንደመጣ አይታወቅም።
- የሁለት ጠያቂዎችን ቅጽ መቀላቀል። በእያንዳንዱ ቅጽ ላይ የጠያቂው ምልክት ይኑር፤ የአንዱ ቁጥሮች ሁልጊዜ ከፍ የሚሉ ከሆነ አነባበቡን ሄዳችሁ አድምጡ።
- መልሱን ኮምፒውተር ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ማስገባት። ሁለት ሰው ለየብቻ ያስገባውና ልዩነቱን ከወረቀቱ ጋር አመሳክሩ፤ እስከዚያ ድረስ ወረቀቱን አትጣሉ።